የጠመኔ ክብ

የእትየ ጥሩን ማረፍ የሰማሁት በአጥር ላይ ነው። ድሮ ቢሆን ጎረቤቴ የሺ በበሬ ገብታ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እጄን ይዛ ነበር የምታረዳኝ። አሁን በር ማስከፈት ቀርቷል። ባልዲ ደፍታ በላዩ ቆመች፤ ከአጥሩ በላይ ግንባሯና ዓይኖቿ ብቻ ይታዩኝ ነበር።

«ሰምተሻል?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ «ሰምተሻል?» ሲባል ከጆሮዬ በፊት ሆዴ ነው የሚሰማው። «ምኑን?» አልሁ።

«እትየ ጥሩ ሞተው ተገኙ። እቤታቸው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ። ከወደቁ ሁለት ቀን ሳይሆናቸው አይቀርም አሉ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በራቸው ላይ ምልክት ተደርጎ ነበር አሉ። በጠመኔ። ክብ።»

አጥሩን ይዤ ቆምሁ። የሺ በሞቱ የደነገጥሁ መሰላት። በሞቱም ደንግጫለሁ፤ አጥሩን ያስያዘኝ ግን ክቡ ነው። ክቡን የሳልሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክፉ ሳላስብ። አሁን ያ ክብ ከአጥር ወደ አጥር እየተሻገረ ነው፤ እስኪመሽ ነፍሰ ገዳዮች የሳሉት ይሆናል። እውነቱን ልናገር ወይስ እንደ በፊቱ ዝም ልበል እያልሁ እስከ ቀብሩ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም። እንደ በፊቱ የምለው አለምክንያት አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ስለ እሳቸው መናገር አለብኝ።

በመዝገብ ሲስተር ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ የመንደራችን የጤና ባለሙያ ነበሩ። ሥራቸው ቤት ለቤት መዞር ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሴት ነበሩ። ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን በግራ ትከሻቸው አንግተው የደብረ ታቦርን ዳገት ሲወጡ እኔ ባዶ እጄን ከኋላቸው አለከልካለሁ። ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ቀኝ ጎን ስለሚጠርጉ ያ ጎን ዓመቱን ሙሉ ነጭ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ሲስተር፣ ዱቄት ተደፋብዎት እንዴ?» ቢላቸው፣ «አንተን ስከትብ የተደፋብኝ ነው። እንዴት ትነክስ እንደነበር ለተሳፋሪዎችህ ልንገራቸው?» አሉት። ሹፌሩ ሳቁን ሳይጨርስ ነድቶ ሄደ።

እትየ ጥሩ በር አያንኳኩም። በር የሚደበድብ የተቆጣ ሰው ነው ይላሉ። ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፤ ከውስጥ «ደጆች!» እስኪባሉ ድረስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ቢሆን እግራቸውን አያነሡም። እኛ ሌሎቹ «ቤቶች» የምንለው ግማሽ አካላችንን አስገብተን ነው። እሳቸው ግን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ልብስ እያጠብሁ ሳለ መጡና ተጣሩ፤ እኔም በአረፋ እጄ ግቡ ብዬ ምልክት ሰጠኋቸው። አልገቡም።

«አፍሽን የት አደረግሽው?» አሉኝ።

«እትየ ጥሩ፣ እያየሁዎት ነው እኮ!»

«እኔም እያየሁሽ ነው። ቤቱ ግን አልመለሰልኝም።»

«ደጆች!» አልሁ እየሳቅሁ። ያኔ ገቡ።

ከገቡ በኋላ ደግሞ ትሕትናቸውን ከደጅ ነው የሚተዉት። «ይህ ጀሪካን ክዳኑን ለማን ሰጠው?» ይላሉ። ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ሳሙና ካጡ የቤቱን እመቤት በስሟ ሳይሆን «አንቺ ሳሙና ጠል» እያሉ ሳምንቱን ይጠሯታል። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ጸሐፊ ነኝ፤ አለቃዬ ተቆጥቶኝ ያላፈርሁትን ያህል እሳቸው ቀልደውብኝ አፍሬያለሁ።

ልጆች ሲከትቡ በበሩ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ይህን ሁሉም ከታቢ ያደርገዋል፤ የቤቱን ቁጥር፣ የልጆቹን ብዛት፣ ቀኑን፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ቤት የምታመለክት ቀስት ይጽፋሉ። እሳቸው የራሳቸውን አንድ ምልክት ጨምረው ነበር። ሰው ካጡበት ቤት በር ላይ ክብ ይስላሉ። ክብ ማለት «መጥቼ አጣኋችሁ፤ እመለሳለሁ» ማለት ነው። መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። የሺ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በበሯ ላይ ክብ አግኝታ «ወይኔ ጉዴ፣ እትየ ጥሩ መጥተው ነበር» ብላ ጀሪካን ስትከድን ዋለች። ደግሞም ሳይመለሱ ቀርተው አያውቁም። ሲመለሱ ክቡን በአውራ ጣታቸው ያጠፉታል።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያው በታች ካለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ቦምብ ተወረወረ። እኔ ቢሮ ነበርሁ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሁላችንም እየጻፍን ከነበረው ላይ ቀና ብለን ተያየን፤ ማንም ግን «ምንድን ነው?» አላለም። ማን እንደወረወረው አልታወቀም። ለእኔ ከቦምቡ የባሰው ይህ ነው። ወርዋሪው ካልታወቀ ሁሉም ሰው ሊሆን ይችላላ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ወንበሬን አዙሬ በሩን እያየሁ መሥራት ጀመርሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ፊት በፊት የያዘውን ፌስታል አያለሁ። የልጄ አባት ሥራው እብናት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስልኩ ሲሠራና ሳይሠራ እኔ ከአራት ዓመቷ ልጄ ከቃልኪዳን ጋር ብቻችንን ነን። እሷ ደግሞ ዕቃ በወደቀ ቁጥር አልጋ ሥር መግባት ለመደች።

እትየ ጥሩ በዚያው ሳምንት ሰላምታቸውን ለወጡ። «እንደምን ዋልሽ» ቀረና «እንቅልፍ አለ?» ሆነ። ሁላችንም እንዋሻለን። እኔም «ደኅና ነው፣ ይመስገን» አልኋቸው። ደም ማነስ እንደሚያዩ ሁሉ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ተመለከቱኝና «ዓይንሽ እንዲህ አይልም» አሉ። እንባዬ መጣ። ስንት ቀን በደረቀ ፊት ስመላለስ ቆይቼ በአንድ አውራ ጣት ተሸነፍሁ።

«አትፍሪ አልልሽም» አሉኝ። «የተወረወረው ቦምብ ነው፤ መፍራትሽ ትክክል ነው። ብቻሽን አትፍሪ እንጂ። ሲመጣብሽ የሺን ጥሪያት፤ ሁለት ሆናችሁ ፍሩ።»

መድኃኒት የሚያዝዙልኝ መስሎኝ ስጠብቅ ያዘዙት ይኸው ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ቀን ሲመጡ ልክ «ደጆች» እንዳልሁ ከጎረቤት ቆርቆሮ ወደቀ፤ ቃልኪዳን እንደ ልማዷ አልጋ ሥር ገባች። እኔ «ውጪ፣ ምንም የለም» እያልሁ እግሯን ስጎትት ደረሱ። «ተያት» አሉኝ። ሳጥናቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አውልቀው፣ በዚያ ቁመታቸው ተንበርክከው አልጋ ሥር ገቡ። ከውጭ የቀረው እግራቸው ብቻ ነበር። በኋላ ድምፃቸው መጣ። «እዚህስ ደኅና ነው። ችግሩ አቧራው ነው። እናትሽ አትጠርግም እንዴ?» ልጄ ሳቀች። ከቦምቡ ቀን ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያኔ ነው። ሁለቱም ፀጉራቸውን የሸረሪት ድር ይዞት ወጡ። በሕይወቴ የቤት አያያዜ ተነቅፎ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ እያሉ መንደሩን አንድ በአንድ ሊያረጋጉት ነበር፤ የጋሽ ሞላ ነገር ባይመጣ ኖሮ።

ጋሽ ሞላ ከእኛ በላይ ባለው ቤት ነዋሪ ናቸው፤ እህል ነጋዴ፣ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲሉ የሚውሉ ሰው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከደጃቸው «ቤቶች!» ተባለ። በጨዋ ድምፅ፣ ባለቤታቸው እንደነገሩን። ጋሽ ሞላ እጃቸውን እየታጠቡ «ደጆች! ግቡ!» አሉ። ሦስት ሰዎች ገቡና ይዘዋቸው ሄዱ። ባለቤታቸው አሁንም ድረስ የሚያስለቅሳቸው ይኸ ነው፤ «እኮ ራሱ ነው ግቡ ያላቸው!» ይላሉ። በሁለት ቀን ውስጥ በመንደራችን «ደጆች» የሚል ሰው ጠፋ። «ቤቶች» ሲባል ሁሉም ባለበት ደርቆ ትንፋሹን ይይዛል።

የእኔ ኃጢአት ከዚህ ይጀምራል። ጋሽ ሞላ ከመያዛቸው ሁለት ቀን በፊት የክትባት ዘመቻ ነበር፤ እትየ ጥሩ መንደሩን በሙሉ ዞረው በየበሩ ጽፈዋል። ጋሽ ሞላ የልጅ ልጆች ስላሏቸው የእሳቸውም በር ላይ ተጽፏል። እሳቸው በተያዙ ማግሥት ቦኖ ውኃ ወረፋ ይዘን ቆመን ሳለ ለየሺ እንዲህ አልኋት፤ «የጋሽ ሞላን በር አየሽው? ቁጥሩ አለ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ አለ። ቀስቷ ደግሞ ወደ እኛ ነው የምታመለክተው።»

ይኸው ነው ያልሁት። እትየ ጥሩን አልጠረጠርሁም፤ ወይም እንዳልጠረጠርሁ ለራሴ እነግራለሁ። ወረፋው ላይ የነበሩት ሴቶች ግን ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ጀሪካኔን ሞልቼ ቤቴ እስክደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ጠመኔው ቤት ማጥኛ ነው ተባለ። ቁጥሩ ለአጋቾቹ ነው፤ ቀስቷም ቀጣዩ ማን እንደሆነ ትናገራለች። ሲስተር ለስንት ዓመት በየጓዳችን የገቡት ለምን ይመስላችኋል ተባለ። በማግሥቱ ጧት መንደሩ በሙሉ በር ሲፍቅ አረፈደ ማለት ይቻላል፤ የቡሩሽና የቆርቆሮ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔም የራሴን በር አጠብሁ። «ኧረ ተዉ፣ እኔ ዝም ብዬ የተናገርሁት ነው» ማለት እችል ነበር። አላልሁም። እሳቸውን መከላከል ራሱ ያስጠረጥረኛል ብዬ ፈራሁ።

እትየ ጥሩ ሲመጡ መንገዱ መሐል ቆመው በየተራ የተፋቁትን በሮች አዩ። «ምነው፣ በዓል ደረሰ እንዴ?» አሉ ጮክ ብለው። የሳቀ አልነበረም። ከአንዱ አጥር ውስጥ «ከደጃችን ይሂዱልን!» የሚል ድምፅ መጣ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ድምፅ ያወጣችው ሴት ሁለት ልጆቿን ስትወልድ ሆስፒታል ድረስ ደግፈው የወሰዷት እሳቸው ናቸው።

መምጣታቸውን ግን አላቆሙም። በየበሩ «ቤቶች!» ይላሉ፤ ይጠብቃሉ፤ መልስ ሲያጡ ክብ ስለው ያልፋሉ። በማግሥቱ ክቡ ተፍቆ ያገኙታል። እንደገና ይስላሉ። በዚያ ሰሞን ኩፍኝ ገባ መባል ጀምሮ ነበር፤ ልጆች ሳይከተቡ ቀሩ፤ እሳቸውም ከዕለት ወደ ዕለት እየከሱ ሄዱ። የቀሚሳቸው ቀኝ ጎን ግን እንደ ነጣ ነበር።

ወደ እኔ በር የመጡት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። «ቤቶች!» አሉ። ከቆርቆሮው ኋላ ቆሜ ነበር። በመካከላችን ያለው ውፍረት ከጣት ጥፍር አይበልጥም። የፈራሁት እሳቸውን አልነበረም፤ ሲገቡ የሚያየኝን ሰው ነው። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ጥቂቱ እሳቸውንም ነበር። እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። ከዚያ በረጋ ድምፅ «እግርሽ ይታየኛል» አሉኝ።

ቁልቁል አየሁ። በሩ ከመሬት ጋር አይገጥምም፤ ጫማዬ በክፍተቱ ይታያል። ንቅንቅ አላልሁም።

«የግራው ተበጥሷል፤ አሰፊው» አሉ። «እሺ፣ አትክፈቺ። ቃልኪዳን እንዴት ናት? አሁንም አልጋ ሥር ትገባለች?»

ከንፈሬን ነከስሁ።

«ወሬውን ማን እንደጀመረው አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም። የእኔ በር አይቆለፍም፤ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። የቻልሽ ቀን ነይ።»

ከዚያ ጠመኔው በቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ ሰማሁ። ክብ እየሳሉ ነበር። ሲጨርሱ ጠመኔው ከእጃቸው አመለጠና በክፍተቱ ሾልኮ ጫማዬ አጠገብ ቆመ። ሁለታችንም ያየነው ይመስለኛል። «ተይው፣ ሌላ አለኝ» ብለው ሄዱ። ያን ክብ አላጠብሁትም። ጠመኔውንም በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

ወራት አለፉ። ጋሽ ሞላ ተመለሱ፤ እንዴት እንደተመለሱ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ደጃቸው ያለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ አቁመዋል። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። የያዟቸው ሰዎች የሌላ አገር ሰዎች እንደነበሩና ከጠመኔው ጋር አንዳች የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ ከባለቤታቸው ሰማን። ይህ ሲታወቅ የሚሮጥ ወሬ ግን አልነበረም። ወሬው ሲጀመር በግማሽ ቀን መንደሩን ያዳረሱ አፎች ለማስተባበሉ ጊዜ ሁሉም ሥራ በዝቶባቸው ነበር፤ የእኔም ጭምር።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁርጤን አድርጌ ተነሣሁ። ቃልኪዳንን ከየሺ እናት ጋር ትቼ፣ ጠመኔውን ይዤ ሄድሁ። ምክንያቴ እሱ ነበር፤ «ጠመኔዎን ልመልስ ነው» ብዬ እጀምርና ቀሪውን አምላክ ያውቃል ብዬ ነው። ልናገር የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ወሬውን የጀመርሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እትየ ጥሩ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዲት እህታቸው ያሉት ይፋግ ነው። በራቸው እንዳሉት ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ ግቢውን አየሁ፤ ሰማያዊው ሳጥን ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ አሉ። «ቤቶች!» አልሁ። መልስ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁ። ዝም። ድሮ ቢሆን ሳጥኑ ደረጃ ላይ እያለ ሰው ካልመለሰ ታሟል ማለት ነው፤ ዘው ብሎ መግባት ነው። አሁን ግን ዝምታ ማለት ከበሩ ኋላ ትንፋሹን የያዘ ሰው ማለት ሆኗል። እሳቸውም በመጨረሻ እንደኛ ሆኑ ብዬ አሰብሁ። ወይም ቂም ይዘውብኛል። ከውስጥ ሆነው እግሬን እያዩ ይሆናል ብዬ ጫማዬን ከክፍተቱ አራቅሁ።

እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ። በአንድ ጣት ቢገፋ ይከፈታል። መንገዱን ዞሬ አየሁት፤ ማንም የለም፤ ማንም አለመኖሩም አስፈራኝ። ከዚያ አፌን ወደ ክፍተቱ አስጠግቼ በሹክሹክታ ነገርኋቸው። «እትየ ጥሩ፣ ያን ወሬ የጀመርሁት እኔ ነኝ። ቦኖው ላይ። ይቅር ይበሉኝ።» ጠበቅሁ። እሳቸው እኛን የጠበቁትን ያህል ባይሆንም ጠበቅሁ። አንዳች ድምፅ አልነበረም። ይቅር አላሉኝም ማለት ነው ብዬ ጠመኔውን ከነጠላዬ ፈታሁና በሩ ላይ ክብ ሳልሁ። እመለሳለሁ ለማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ተገላገልሁ ብዬ ነበር የተመለስሁት።

ማክሰኞ ዕለት እህታቸው ስልክ ቢደውሉ የሚያነሣ አጡና ከይፋግ መጡ። እሳቸው የእኛን መንደር ፍርሃት አያውቁም፤ ክቡንም ልብ አላሉትም። በሩን ገፍተው ገቡ። እትየ ጥሩን የጣላቸው ደም ግፊት ነው አለ ሐኪሙ። ከወደቁ በኋላ ስንት ሰዓት በሕይወት እንደቆዩ፣ እኔ በክፍተቱ ሹክ ስላቸው ይሰሙ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው የለም። ልጠይቅም ድፍረቱ የለኝም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወሬው ክቡ ብቻ ነበር። «ክብ እሳቸው ነበሩ የሚስሉት። በገዛ በራቸው ላይ ማን ይስላል?» ትላለች አንዷ። «ተከታትለዋቸው ነው» ትላለች ሌላዋ። ከደጃችን ይሂዱልን ያለችው ሴት ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ሐኪሙ የተናገረውን የሚያነሣ አልነበረም። ማንን ሊጠረጥሩ እንደተዘጋጁ አላወቅሁም፤ ሊጠረጥሩ መዘጋጀታቸውን ግን ከቦኖው ወረፋ አውቀዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስም ይወጣል። አሁን ብናገር እኔ ነኝ የምጠረጠረው፤ ቢሮዬ ይሰማል፣ ልጄ በዚህ መንደር ልታድግ ነው። ዝም ብል ደግሞ እትየ ጥሩ ሁለተኛ ይሞቱብኛል።

ተነሣሁ። «ክቡን የሳልሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች። «እሑድ ሄጄ ነበር። ብጣራ አልመለሱልኝም። እመለሳለሁ ለማለት ሳልሁት። ያን የጠመኔውን ወሬም የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ልነግራቸው ነበር የሄድሁት።»

ከዚያ ከጥግ አንድ የሻከረ ድምፅ መጣ። ጋሽ ሞላ ናቸው። ከተመለሱ ወዲህ በሰው መሐል ሲናገሩ የሰማ አልነበረምና ሁሉም ዞረ።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?» አሉኝ።

«አይ፣ ጋሽ ሞላ። ገርበብ ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

ብዙ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉንም ተውሁት። «ፈራሁ» አልኋቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሰኞ ዕለት ሄጄ ነበር» አሉ። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ፣ ልጠይቃቸው። ክቡን አየሁና ወደ ቤቴ ተመለስሁ።»

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እኔም አይቼ መንገድ ቀየርሁ» አለች። ቀጥላ ሌላ ሴት፣ ደጃቸው ቆማ ተጣርታ እንደነበርና ከግቢው አንድ የተንቀሳቀሰ ነገር የሰማች መስሏት እንደሮጠች ተናገረች። ወዲያው «እንጃ፣ ድመት ይሆናል» አለች። የእኔ እመለሳለሁ የሚል ክብ ሰው ሁሉ እንዳይገባ ሲጠብቅ ሁለት ቀን ቆይቶ ኖሯል። ማንም ግን እኔን አልሰደበኝም። አጠገቤ የነበረችው ሴትም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁላችንም አንድ ላይ ተቀምጠን ፈራን። እሳቸው ያዘዙልኝን መድኃኒት የወሰድሁት በለቅሷቸው ቀን ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰው ሁሉ ለቅሶ ስለነበር ቃልኪዳንን ከውስጥ አስቆልፌ ትቻት ነበርና በሬ ላይ ቆምሁ፤ የእሳቸው ክብ፣ ዝናቡ ቢያደበዝዘውም፣ አሁንም በቆርቆሮው ላይ ነበር። ያን ቀን በር መደብደብ አስጠላኝ። «ቤቶች!» አልሁ።

ከውስጥ የሚሮጥ ኮቴ መጣና ከበሩ ኋላ ቆመ። በክፍተቱ ቁልቁል አየሁ፤ ሁለት ትንንሽ ባዶ እግሮች ተገጣጥመው ቆመዋል።

«ቃልኪዳን፣ እኔ ነኝ እናትሽ» አልሁ።

ጣቶቿ አፈሩን ቆንጠጥ አደረጉ። ትንፋሽዋን ይዛለች። የሚመጣው ሁሉ እኔ ነኝ ነው የሚልሽ፣ እንዳትመልሺ ብዬ በደንብ ነበር ያስተማርኋት።